የጨረቃ ድንጋይና የመዝገብ አደራ
(በኬንያ ሞያሌ በመምህራን ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)




የመረጥሁት ርእስ ለጊዜው ሲሰሙት ከሞያሌ እጅግ የራቀ ይመስላል፤ ይኸውም ከጨረቃ ስለ መጡት ድንጋዮችና በሕዝብ መዝገብ ቤት ስለ አጠባበቃቸው ነው። ይሁን እንጂ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ያዳመጠኝ ሁሉ ነገሩ ከክፍላችን በርና ከተማሪዎቻችን መዝገብ የራቀ አለመሆኑን ይረዳልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። በዚህች ከተማ ሁለት የዘመን አቆጣጠር ጎን ለጎን ስለሚኖሩ፥ ግራ እንዳያጋባ ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ።

ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ በጨረቃ ላይ ያረፈው ጁላይ 20 ቀን 1969 ነው፤ ይህም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዲሴምበር 1972 ድረስ በ6 ጉዞ 12 ሰዎች የጨረቃን ምድር ረግጠው 382 ኪሎ ግራም የሚመዝን ድንጋይና አፈር ይዘው ተመልሰዋል። የሶቪየት ኅብረትም ሰው ያልተሳፈረባቸውን መሣሪያዎች ልኮ በ1970፥ በ1972 እና በ1976 በድምሩ ሦስት መቶ ግራም ያህል አስመጥቷል። በቅርቡም ቻይና በ2020 አንድ ኪሎ ግራም ከሰባት መቶ ግራም የሚበልጥ አፈር አስመጥታለች፤ በ2024 ደግሞ ከምድር ሆነን ፈጽሞ ከማናየው ከጨረቃ ጀርባ ሁለት ኪሎ ግራም ሊሞላ ጥቂት የቀረው አፈር ለመጀመሪያ ጊዜ አግኝታለች።

አገሮቻችን ከዚህ ታሪክ ውጭ አልነበሩም። የመጀመሪያዎቹ መንገደኞች ከመነሣታቸው ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፥ በዚያው በጁላይ ወር 1969፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዋሽንግተን የመንግሥት ጉብኝት ያደርጉ ነበር። የ73 አገሮች መሪዎች የላኩት የመልካም ምኞት ቃልም እጅግ በረቀቀ ጥበብ ተጠብቦ፥ ከአንዲት ሳንቲም በማትበልጥ የሲሊኮን ሰሌዳ ላይ ተጽፎ በጨረቃ ላይ ቀርቷል። ከነዚያ 73 አገሮች መካከል ኢትዮጵያና ኬንያ ሁለቱም ይገኛሉ። እንግዲህ ድንበር የሚለያቸው እነዚህ ሁለት ጎረቤቶች፥ ነፋስና ዝናም በሌለበት ምድር በአንድ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ተጽፈው ይኖራሉ ማለት ነው።

ከጨረቃም ወደ አገሮች ስጦታ መጥቷል። ከአፖሎ 11 ጉዞ ከተገኘው አፈር የተለቀሙ አራት ቅንጣቶች፥ ሁሉም በአንድ ላይ ቢመዘኑ 0.05 ግራም ያህል ብቻ የሚሆኑ፥ በጠራ ፕላስቲክ ውስጥ ታሽገው፥ እስከ ጨረቃ ደርሶ ከተመለሰ የየአገሩ ትንሽ ሰንደቅ ዓላማ ጋራ ወደ 135 ለሚሆኑ አገሮች ተሰጡ። ሁለተኛው ስጦታ ግን ለመምህር ልብ ይበልጥ የቀረበ ነው። በዲሴምበር 1972 የመጨረሻዎቹ የጨረቃ መንገደኞች ዩጂን ሰርናንና ሃሪሰን ሽሚት ቶረስ ሊትሮ በተባለው ሸለቆ ሥራቸውን ሊፈጽሙ ሲሉ አንድ ድንጋይ ለይተው አነሡ። ሽሚት የሥነ ምድር ሊቅ ነበር። በዚያን ጊዜ በሂዩስተን ከተማ ከ70 አገሮች የተሰበሰቡ ወጣቶች ጉዞውን ይከታተሉ ነበርና፥ ሁለቱ ሰዎች ድንጋዩን ለዓለም ወጣቶች መታሰቢያ አደረጉት፤ ከፍሎም ለየአገሩ እንዲደርስ ያላቸውን ምኞት ገለጹ። ሦስት ኪሎ ግራም ያህል ከሚመዝነው ከዚህ ድንጋይ እያንዳንዳቸው አንድ ግራም የሚያህሉ ስባሪዎች ተቈርጠው በ1973 ለአገሮቹ ተላኩ። እንግዲህ ስጦታው በመንግሥታት እጅ ያልፍ እንጂ የተላከው ለተማሪዎቻችን ነበር።

አሁን ወደ ድንጋዩ ወደ ራሱ እንመለስ። ይህ ከሩቅ የመጣ ድንጋይ ምንድን ነው? ባዛልት ነው፤ ግንበኞቻችን ጥቁር ድንጋይ የሚሉት ዐይነት ነው። ከማርሳቢት ወደ ሞያሌ የሚመጣ መንገደኛ የዲዳ ጋልጋሉን ሜዳ ሲያቋርጥ ግራና ቀኙ በዚሁ ዐይነት ድንጋይ የተሸፈነ ነው። የዲዳ ጋልጋሉም የጨረቃውም ከከርሠ ምድር ቀልጦ የወጣ፥ ኋላም የቀዘቀዘና የረጋ ድንጋይ ነው። በእርግጥ ልዩነት አላቸው። የእኛው ድንጋይ ዝናምና አየር ስለ ደረሰበት ይዝጋል፥ ይፈራርሳል፥ ወደ አፈርነትም ይለወጣል፤ የጨረቃው ግን ውሃና አየር ስላልነካው እንደ ረጋ ኖሯል። የእኛው ዕድሜ በሚሊዮኖች እንጂ በቢሊዮኖች አይቈጠርም፤ ከቶረስ ሊትሮ የመጣው ግን 3.7 ቢሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ አለው፤ ታይታኒየም የተባለውም ማዕድን በብዛት ይገኝበታል።

እኔ በማስተምርበት የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ይህን ትምህርት ሳቀርብ የዲዳ ጋልጋሉን ድንጋይ በጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ «ይህ የጨረቃ ድንጋይ ነው ብላችሁ ለሕፃናት ብትነግሯቸው አይደለም የሚላችሁ ማን ነው?» ብዙዎቹ፥ «ሊቃውንት በመሣሪያ መርምረው ይለዩታል» ብለው ይመልሳሉ። መልሱ እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። መሣሪያ ድንጋዩ የጨረቃ መሆኑን፥ ዕድሜውንም ሊናገር ይችላል። ነገር ግን ከየትኛው ሸለቆ፥ በየትኛው ቀን፥ በማን እጅ እንደ ተነሣ፥ ለማንስ እንደ ተሰጠ የሚናገር መሣሪያ በዓለም የለም። ይህን የሚናገረው መዝገብ ብቻ ነው። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁትም ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ መዝገቡ የጠፋበት ድንጋይ ታሪኩን አብሮ ያጣል።

ይህን በሚገባ የተረዱት ድንጋዮቹን የሚጠብቁት ሰዎች ናቸው። መንገደኞቹ ድንጋዩን ከማንሣታቸው በፊት ባለበት ቦታ ፎቶግራፍ ያነሡት ነበር። ወደ ምድርም ሲደርስ ለእያንዳንዱ ቁጥር ተሰጠው። ለወጣቶች የተሰጠው ድንጋይ ቁጥሩ 70017 ነው፤ የመጀመሪያው አኃዝ 7 ከ17ኛው የአፖሎ ጉዞ መገኘቱን ያመለክታል። ድንጋዩ በተቈረጠ ቁጥር ስባሪው የእናቱን ቁጥር ይዞ የራሱን ተጨማሪ ቁጥር ይቀበላል፤ ክብደቱም እስከ ግራም ሺሕኛ እጅ ድረስ ተመዝኖ ይጻፋል። አብዛኛው ስብስብ በሂዩስተን፥ የምድር አየርና እርጥበት እንዳይደርስበት፥ ንጹሕ ናይትሮጂን በተሞላ ሣጥን ውስጥ ይጠበቃል። አንድ ቤት ቢቃጠል ወይም ማዕበል ቢያጠፋው ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዳይጠፋ፥ ከስብስቡ ጥቂቱ ክፍል ተለይቶ በሌላ ግዛት፥ በኒው ሜክሲኮ በሚገኘው በዋይት ሳንድስ ተቀምጧል።

«ይህን ያህል ጥንቃቄ ለምን?» የሚል ቢኖር ታሪኩ ራሱ ይመልስለታል። ጠባቂዎቹ ከስብስቡ ጥቂቱን ከነማኅተሙ ሳይከፍቱ አስቀመጡት፤ ከነርሱ በኋላ የሚመጡ ሰዎች የተሻለ መሣሪያ እንደሚኖራቸው ያውቁ ነበርና። ለረጅም ዘመን ጨረቃ ፈጽማ ደረቅ ናት ይባል ነበር። በ2008 ግን ተመራማሪዎች በአፖሎ 15 እና በአፖሎ 17 የመጡትን ከእሳተ ገሞራ የወጡ የመስታወት ቅንጣቶች በአዲስ መሣሪያ ቢመረምሩ እጅግ ጥቂት የውሃ ምልክት አገኙባቸው። ድንጋዩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የጠያቂው ዐይን ነው። በማርች 2022ም 50 ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው አንድ የአፖሎ 17 እሽግ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከፍቷል። የከፈቱት ሊቃውንት ያሸጉትን ሰዎች ሥራ ከመዝገብ እያነበቡ ቀጠሉት። መምህር ሆይ፥ የማያየው ተማሪ የሚያጭደውን የሚዘራ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ የራሱን ሥራ አያስታውስምን?

በሌላ በኩል አደራው የፈረሰበትን ስፍራ እንመልከት። በአየርላንድ የመጀመሪያው ስጦታ ደንሲንክ በተባለው የከዋክብት መመልከቻ ቤት ተቀምጦ ሳለ በ1977 ቤቱ ተቃጠለ፤ ፍርስራሹም ከነድንጋዩ ወደ ቈሻሻ መጣያ ተወሰደ። ለሆንዱራስ የተሰጠው ስባሪ ከመንግሥት እጅ ወጥቶ በአሜሪካ በሚሊዮን በሚቈጠር ዶላር ሊሸጥ ሲል በ1998 ተያዘ፤ ኋላም ለአገሩ ተመለሰ። በማልታ የነበረው በ2004 ከቤተ መዘክር ተሰረቀ። በኔዘርላንድስ ደግሞ በአንድ ታላቅ ቤተ መዘክር የጨረቃ ድንጋይ ተብሎ ይጠበቅ የነበረው ነገር በ2009 ቢመረመር ወደ ድንጋይነት የተለወጠ እንጨት ሆኖ ተገኘ፤ ከየት እንደ መጣ የሚያረጋግጥ በቂ ጽሑፍ አብሮት አልነበረምና።

ከእነዚህ ሁሉ ግን አንዱ ታሪክ ተስፋ የሚሰጥ ነው። በአሜሪካ ለአርካንሶ ግዛት የተሰጠው የአፖሎ 17 ስባሪ ለብዙ ዓመታት የት እንደ ገባ ሳይታወቅ ቀርቶ ነበር። በ2011 አንድ የመዝገብ ሠራተኛ የቀድሞውን የግዛቲቱን ገዥ የቢል ክሊንተንን ወረቀቶችና ልዩ ልዩ ዕቃዎች በሕዝብ ቤተ መዛግብት ውስጥ ሣጥን በሣጥን እየለየ ሲጽፍ ድንጋዩን በአንዱ ሣጥን ውስጥ አገኘው። ያገኘው ሀብት ፈላጊ አይደለም፤ ወታደርም አይደለም። ማንም የማያመሰግነውን ሥራ፥ ይኸውም እያንዳንዱን ዕቃ አንሥቶ ስሙን የመጻፍን ሥራ፥ ሳይሰለች ይሠራ የነበረ ሰው ነው።

አንዳንድ ሰው፥ «ይህ የሀብታም አገር ሥራ ነው፤ እኛ ጠመኔ እየቸገረን ስለ ናይትሮጂን ሣጥን ምን አግዶን» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ስለዚህ መልስ ይገባዋል። በመጀመሪያ ነገር ይህ ልማድ ለእኛ ባዕድ አይደለም። በኢትዮጵያ ሊቃውንቱ ጨረቃን በባሕረ ሐሳብ ሲቈጥሩ ኖረዋል፤ አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ምንጊዜም 30 እንደሚሆኑ የቈሎ ተማሪ ሳይቀር ያውቀዋል። በዚህ በቦረና ምድርም አያንቱ የሚባሉት ዐዋቂዎች የጨረቃን መውጣት ከታወቁ ከዋክብት ጋራ እያስተያዩ 12 ወራትንና 27 የቀን ስሞችን ይቈጥራሉ፤ ይህንንም የሚያደርጉት ያለ ወረቀት፥ በሠለጠነ ትዝታ ነው። የዚህ ከተማ ሙስሊሞችም የረመዳንን መግቢያና መውጫ ለማወቅ ዐይናቸውን ወደዚያችው ጨረቃ ያነሣሉ። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ተረታችን እውነት ነው፤ ሆኖም የአያንቱ ዕውቀት የሚያስተምረን አንድ ነገር አለ፦ መዝገብ በብራናም ይሁን በትዝታ፥ የሚጸናው ጠባቂው ሲሠለጥንና ለተተኪው በሥርዓት ሲያስረክብ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ በየዋና ከተማዎቻችን የዚህ ጥበቃ ታላላቅ ምሳሌዎች አሉ። በኖቬምበር 1974 በአፋር ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ በአዲስ አበባ በብሔራዊ ሙዚየም ትጠበቃለች፤ የመዝገብ ቁጥሯ ኤ. ኤል. 288-1 ሲሆን፥ ፊደሎቹና ቁጥሩ የተገኘችበትን የአፋር ቦታ ያመለክታሉ። በ1984 ኬንያዊው ካሞያ ኪሜዩ በቱርካና ሐይቅ ምዕራብ ያገኘው የልጅ አፅምም በናይሮቢ በቁጥር 15000 ተመዝግቦ ይገኛል፤ በቁጥሩ ፊት የተጻፉት ፊደሎችም ምዕራብ ቱርካናን ይጠራሉ። ድንቅነሽ ከአፋር አሸዋ ወጥታ ያለ ቁጥር በአንድ ሰው ቤት ተቀምጣ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ማን ስሟን ያውቅ ነበር? የጨረቃው ድንጋይና የአፋሩ አፅም በአንድ ሕግ ይኖራሉ፤ ሁለቱንም የሚያናግራቸው ቁጥራቸው ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ራሳችን ትምህርት ቤቶች ልመለስ። ሦስት ነገሮችን ለማሳሰብ እወዳለሁ፤ አንዱም ገንዘብ አይጠይቅም።

አንደኛ፥ በየትምህርት ቤቱ ተማሪዎች የሚሰበስቡት ነገር ሁሉ የዲዳ ጋልጋሉ ጥቁር ድንጋይም ይሁን የኤል ሶድ ጨው፥ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ትከተለው። በወረቀቷም ላይ ነገሩ ምን እንደ ሆነ፥ ከየት እንደ ተገኘ፥ በየትኛው ቀን፥ በማን እንደ ተገኘ፥ ማንስ እንደ ተረከበው ይጻፍ። ልጁ ይህን ሲጽፍ የሳይንስን የመጀመሪያ ምዕራፍ ተማረ ማለት ነው። የኤል ሶድን ጉድጓድ አይቶ የጨረቃን ጉድጓዶች በሥዕል ሲያይም፥ የእኛው በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ፥ የጨረቃዎቹ ግን አብዛኛዎቹ ከሰማይ በወደቁ ድንጋዮች ግጭት መፈጠራቸውን ለማስረዳት መምህሩ መልካም አጋጣሚ ያገኛል።

ሁለተኛ፥ መምህር ወይም ዲሬክተር ሲዛወር ቁልፍ ብቻ ሳይሆን ዝርዝርም ያስረክብ። በእጁ ያለውን መጽሐፍ፥ ካርታና መሣሪያ ሁሉ በሁለት ፊርማ ጽፎ ይሂድ። በየአገሩ የጨረቃ ስጦታዎች የጠፉት ሁልጊዜ በሌባ እጅ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሹም በተለወጠ ጊዜ አዲሱ ሹም በመሳቢያ ውስጥ ያለው ነገር ምን እንደ ሆነ የሚነግረው ስላላገኘ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደው ነው። የተማሪዎች የውጤት መዝገብ በሁለት ቅጂ ተጽፎ በሁለት ስፍራ ይቀመጥ። የሂዩስተን ሰዎች ለድንጋይ ይህን ካደረጉ እኛ ለልጆቻችን እንዴት አናደርግም? የምንኖረው በድንበር ከተማ ነው። በማርች 2018 በኢትዮጵያው ሞያሌ በደረሰው ግድያ ምክንያት በሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች፥ አብዛኞቹም ሴቶችና ሕፃናት፥ ወደዚህ ወደ ኬንያ ተሻግረው መጠለላቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን። በእንደዚያ ያለ ቀን እናት ልጇን ታዝላለች እንጂ የምስክር ወረቀት አትፈልግም። ልጁም በማግስቱ ወደ አዲስ ትምህርት ቤት ቀርቦ፥ «ስድስተኛ ክፍል ነበርሁ» ሲል የሚመሰክርለት ወረቀት ከሌለ፥ የስድስት ዓመት ድካሙ ከመንገድ ዳር ድንጋይ ጋራ ይቈጠራል። መርምረን ዕውቀቱን በከፊል ልናውቅለት እንችል ይሆናል፤ ግን ዓመቶቹን፥ መምህራኑን፥ ያገኘውንም ማዕርግ ከመዝገብ በቀር የሚመልስለት የለም። ስለዚህ የቀድሞ ትምህርት ቤቱ መዝገብ በአንድ ክፍል ብቻ ተዘግቶበት ከሆነና ያም ክፍል ከተቃጠለ ወይም ከተዘረፈ፥ ከደንሲንክ እሳት የሚብስ ጥፋት ደርሷል ማለት ነው። የጨረቃ ድንጋይ ሌላ ይገኛል፤ የልጅ ዕድሜ ግን ሁለተኛ አይገኝም።

የተከበራችሁ ጓደኞቼ፤

በጨረቃ ላይ የተቀመጠችው ሰሌዳ የአገሮቻችንን ስም ይዛ በማንም ሳትነካ ትኖራለች፤ የእርሷ ጥበቃ ከእኛ አይጠበቅም። በእኛ እጅ ያለው በየትምህርት ቤቱ መደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣው መዝገብ ነው። ስለሆነም ከዚህ ስብሰባ ስንመለስ እያንዳንዳችን አንድ መዝገብ አንሥተን ስሞቹ በትክክል የተጻፉ፥ ቀኖቹም የተሟሉ መሆናቸውን ብንመረምርና ሁለተኛውን ቅጂ መጻፍ ብንጀምር፥ የዛሬው ንግግር ዋጋውን አግኝቷል። የትምህርት ሹማምንቶቻችንም ለዚህ ሥራ ሁለተኛ ስፍራ፥ ይኸውም የሚቈለፍ አንድ ሣጥንና ኃላፊነቱን በፊርማ የሚቀበል አንድ ሰው እንዲመድቡልን በአክብሮት እለምናለሁ።